«ፈረንጅ መራመድ ይወዳል»

ከእንግሊዝ አገር የተመለሰ ሰው ሁሉ ይዟት የሚመጣ አንዲት አባባል አለች። «ፈረንጅ መራመድ ይወዳል» ትላለች። ሽማግሌው ከዘራውን፣ አሮጊቷ ውሻዋን፣ ባልና ሚስቱ የልጃቸውን ጋሪ ይዘው እሑድ ከሰዓት በኋላ ከከተማ ወጥተው በየማሳው ሲዞሩ ያየ የአገራችን ሰው፣ ራሱን በአድናቆት ይነቀንቅና ነገሩን በጠባይ ይተረጉመዋል። የሠለጠነ ሕዝብ ነው፤ ጤናውን ይጠብቃል፤ ተፈጥሮን ይወዳል፤ እኛ ግን መኪና የገዛን ዕለት እግራችንን እንሸጣለን፣ ምናምን። ከዚያ ወሬው ወደ ስኳርና ደም ብዛት ይዞርና ቡናው ይቀዳል።

ይህችን አባባል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ውሸትነቷ ብቻ አይደለም የሚያናድደኝ፤ ሸፋኝነቷ ነው። መራመድማ የማይራመድ ሕዝብ የት አለ? የእኛ ገበሬ ለገበያ ብቻ የሚሄደውን መንገድ እንግሊዛዊው በወር አይሄደውም። እንግሊዛዊውን የሚለየው እግሩ አይደለም። የሚለየው እግሩን የሚያሳርፍበት መሬት ላይ ያለው መብት ነው። ያንን መብት ደግሞ ማንም ደግ ጌታ መርቆ አልሰጠውም። ከተቀማ በኋላ ተጣልቶ፣ ተካሶና ታስሮ ያስመለሰው ነው፤ ያውም ጥቂቱን። ይህን ታሪክ አስወጥተን «ይወዳል» በምትል አንዲት ግስ ስንተካው እኛም ሳናውቀው ከቀማኞቹ ወገን እንቆማለን።

ወሬዬ አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ከተማ ልያዝ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ስታምፎርድ በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሊንከንሸር ደቡባዊ ጫፍ፣ ዌላንድ የሚባል ወንዝ ዳር የተቀመጠች፣ ሃያ ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት የገበያ ከተማ ናት። ከለንደን ወደ ሰሜን የሚዘልቀው የጥንቱ አውራ ጎዳና በመሃሏ ያልፍ ነበር፤ ዛሬ በምዕራብ በኩል ዞሯት ይሄዳል። ገበያዋ ዓርብ ነው። ብሮድ ስትሪት ላይ ሸራ ተወጥሮ አይብ፣ ዓሣ፣ አትክልት፣ አበባ ይሸጣል። ቤቶቿ ማር የመሰለ ድንጋይ ናቸው። በ1967 የጥንት ከተሞችን የሚጠብቀው ሕግ ሲወጣ በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያዋ ጥብቅ የከተማ ክልል የተባለችው እሷ ናት። ፊልም ሠሪዎች ይወዷታል። በ2005 በወጣው የ«ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» ፊልም ላይ የልጃገረዶቹ ከተማ ሆና የታየችው ስታምፎርድ ናት፤ የኩሩዋ እመቤት ቤት ሆኖ የታየው ደግሞ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው የበርሊ ቤተ መንግሥት ነው።

ከዚች ከተማ በእግር መውጣት ቀላል ነው። ድልድዩ ሥር ወርዶ የወንዙን ሜዳ ይዞ ወደ ምዕራብ መሄድ ይቻላል። ሮማውያን ወንዙን ይሻገሩበት ነበር የተባለውን ቦታ የሚያመለክት ድንጋይ አለ፤ ዝቅ ብሎ የጥንት የጠበል ዓይነት ምንጭ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሣርና ውሃ ነው። ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሄደ በርሊን አልፎ ባርናክ ይደርሳል። እዚያ በመካከለኛው ዘመን ድንጋይ ሲፈለጥበት የኖረ፣ ዛሬ ሣር የለበሰና በፀደይ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ጉብታና ጉድጓድ የሞላበት ሜዳ አለ። የፒተርቦሮና የኢሊ ካቴድራሎች ድንጋይ የወጣው ከባርናክ ነው። ራቅ አድርጎ መሄድ የፈለገ ቶርፔል ዌይ የሚባለውን መንገድ ይዞ ፒተርቦሮ ድረስ ይዘልቃል።

አሁን ልብ በሉ። ከተማውን ለቆ ጥቂት የሄደ ሰው የስንዴ ማሳ ይገጥመዋል። ማሳው የሰው ነው። ባለቤት አለው፤ ትራክተር አለው፤ የባንክ ዕዳ አለው። ግን በስንዴው መሃል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ስንጥቅ ተከፍቶ ታገኙታላችሁ። በማሳው መግቢያ እንጨት ላይ ቢጫ ቀስት ተለጥፏል። አጥሩ ላይ ሰው የሚወጣበት፣ በግ ግን የማያልፍበት የእንጨት ርከን ተሠርቷል። ያ ስንጥቅ የገበሬው ቸርነት አይደለም። ሕጉ ነው። ገበሬው ለዘር ሲያርስ መንገዱን አብሮ ቢያርሰው በ14 ቀን ውስጥ መልሶ መክፈት አለበት፤ ስፋቱም በማሳ መሃል ቢያንስ አንድ ሜትር መሆን አለበት። የማሳ ዳር መንገድ ከሆነ ጭራሽ ማረስ አይችልም። መሬቱ የእሱ ነው፤ ማለፉ ግን የሁሉ ነው።

ይህቺ ነጥብ ለእኛ ሰው ትከብዳለች። መሬት ሲነሳ የእኛ ክርክር ሁለት ባለቤት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ወይ የግል፣ ወይ የመንግሥት። «የማነው?» ብለን እንጠይቅና መልሱን ስናገኝ ወሬው ያልቃል። እዚያ ግን የባለቤትነት ጥያቄ ከተመለሰ በኋላ ሌላ ጥያቄ አለ፤ «ማን ያልፍበታል?» የሚል። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ሰዎች አንድን መንገድ ሳይደበቁ፣ ሳያስገድዱና ፈቃድ ሳይጠይቁ ሃያ ዓመት ሳያቋርጡ ከሄዱበት፣ ባለቤቱ ለሕዝብ እንደሰጠው ይቆጠራል፤ አለመፈለጉን በግልጽ ካላሳየ በቀር። አያችሁ፣ «ፈቃድ ሳይጠይቁ» ነው የሚለው። ፈቃድ የጠየቀ መብቱን ያጣል።

ለዚህ ነው ብልጥ ባለርስት ደግ የሚሆነው። በአንዳንድ መንገድ ላይ «በባለቤቱ መልካም ፈቃድ ማለፍ ይቻላል» የሚል ሰሌዳ ታያላችሁ። ያላወቀ አመስግኖ ያልፋል። ሰሌዳው የቆመው ለምስጋና አይደለም። ሃያ ዓመቱ መቆጠር እንዳይጀምር ነው! የበርሊ ሰፊ ፓርክ ራሱ ለሕዝብ በነጻ ይከፈታል፤ አጋዘኖቹም ዛፎቹም ያምራሉ። ነገር ግን ብዙው ክፍሉ የሚከፈተው በርስቱ አስተዳደር ፈቃድ ነው። የሚከፍት እጅ ይዘጋል። የበርሊ ሣርና የስንዴው ስንጥቅ ለዓይን አንድ ዓይነት ሽርሽር ናቸው፤ ለሕግ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አንደኛው ላይ እንግዳ ነህ፤ ሁለተኛው ላይ ባለመብት። ፎቶ የሚያነሳው ወገናችን ይህን ልዩነት አያየውም። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

*

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት የእንግሊዝን የገጠር ግጥም የምናነብባቸው መድበሎች ተራራና ሐይቅ፣ ወፍና ደመና የሞላባቸው ነበሩ። ገጣሚው ይራመዳል፤ ተፈጥሮን ያያል፤ ነፍሱ ትረካለች። እሺ ይሁን። ከስታምፎርድ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ሄልፕስተን በምትባል መንደር፣ በ1793 ተወልዶ ያደገው የቀን ሠራተኛ ልጅ ግን ከመድበሎቹ ብዙ ጊዜ ይቀራል። ስሙ ጆን ክሌር ነው። የእንግሊዝን የእግር መንገድ ከእሱ በላይ የጻፈበት የለም። ምክንያቱም ሲዘጋ ያየው እሱ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሄልፕስተን እንደ ብዙዎቹ የእንግሊዝ መንደሮች አጥር የለሽ ሰፋፊ ማሳና የወል መሬት ነበራት። ድኻው ላሙን ያሰማራል፤ ማገዶ ይለቅማል፤ ልጁ ከጫፍ ጫፍ ይሮጣል። በ1809 ፓርላማው መሬቱ እንዲታጠር ሕግ አወጣ። የድልድሉ ውሳኔ የተጠናቀቀው በ1820 ነው። የወሉ መሬት ተሸንሽኖ ለባለድርሻ ተሰጠ፤ በቁጥቋጦ ታጠረ፤ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ቆመ። ይህ የአንድ መንደር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ1604 እስከ 1914 ባለው ጊዜ ከ5,200 በላይ እንዲህ ያሉ የማጠሪያ ረቂቆች በፓርላማው አልፈው 6.8 ሚሊዮን ኤከር መሬት ታጥሯል። የእንግሊዝን አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ዛሬ ቱሪስቱ «እንዴት ያለ ውብ ገጠር!» እያለ ፎቶ የሚያነሳው ያ በቁጥቋጦ የተከፋፈለ አረንጓዴ ማሳ፣ በአብዛኛው የዚያ ሽንሸና መልክ ነው።

መንገዱም አልተረፈም። በ1815 የወጣ ሕግ ሁለት የአካባቢ ዳኞች ተስማምተው «አላስፈላጊ ነው» ያሉትን የእግር መንገድ እንዲዘጉ ሥልጣን ሰጠ። የአካባቢው ዳኛ ማነው? ባለርስቱ ወይም አብሮት ራት የሚበላው ጎረቤቱ! ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ ማለት ይኸው ነው።

ክሌር ስለ ራሱ በጻፈው ታሪክ ውስጥ አንዲት ነገር አለች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ የጄምስ ቶምሰንን የግጥም መጽሐፍ ከሰው እጅ ያይና ልቡ ይሸፍታል። አባቱን ለምኖ፣ ለምኖ፣ ጥቂት ሳንቲም ያገኝና በእግሩ ስታምፎርድ ይሄዳል። መጽሐፉን ገዝቶ ሲመለስ እስከ ቤቱ መታገሥ ያቅተዋል። ግን በሥራ ቀን መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲያነብ እንዳይታይ ፈራ። የቀን ሠራተኛ ልጅ ምን ቤት ነው ንባብ? ስለዚህ የበርሊን ግንብ ዘልሎ ገባና እዚያ ሣር ላይ ተቀምጦ አነበበ። ገጣሚነቱ የተጀመረው እዚያ ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ ፍረዱ፤ ዛሬ የምትመካበት ገጣሚ የተወለደው የጌታ አጥር ተጥሶ ነው።

የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1820 ሲወጣ ለንደን በአንድ ጊዜ አበደለት። የበርሊው ጌታ በዓመት 15 ጊኒ ቆረጠለት። ሌላው ደጋፊው ሎርድ ራድስቶክ ግን ሀብትን የሚረግሙት ስንኞች ደስ አላሉትም። ይውጡልኝ አለ። በኋለኛው እትም ወጡ። ስለ መሬቱ መታጠር የጻፈው ዋናው ግጥሙ፣ «ዘ ሞርስ» የሚባለው፣ በሕይወት ሳለ አልታተመም። ስለ ወፍ ጎጆ ሲጽፍ «ገበሬው ገጣሚ» ነው፤ ስለ አጥር ሲጽፍ «ውለታ ቢስ» ነው። የዛሬው አስጎብኚ መጽሔትም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ወፏን ያስቀራል፤ አጥሩን ያወጣል።

ክሌር አእምሮው ታወከ። በሐምሌ 1841 ከለንደን አጠገብ ከነበረበት የአእምሮ ሕሙማን ቤት አምልጦ ወደ 80 ማይል የሚሆን መንገድ በአራት ቀን በእግሩ ሄዶ አገሩ ገባ። ሲርበው የመንገድ ዳር ሣር በላ። ማታ ሲተኛ ራሱን ወደ ሰሜን ያደርግ ነበር፤ ጧት አቅጣጫው እንዳይጠፋው። ከወራት በኋላ መልሰው ኖርዝሃምፕተን ወዳለው የሕሙማን ቤት አስገቡት፤ በ1864 እዚያው ሞተ። እስቲ ለዚህ ሰው «ፈረንጅ መራመድ ይወዳል» በሉት!

የስታምፎርድ ነገር ደግሞ ሌላ ቀልድ አለው። በዙሪያዋ ያለው መንደር ሁሉ ሲታጠር የከተማዋ የራሷ ሰፊ ማሳ እስከ 1870ዎቹ ሳይታጠር ቆየ። ደስ ይላል? ቆዩ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ምክንያቱ የበርሊ ጌቶች ናቸው። መሬቱ ከታጠረ ይሸጣል፤ ከተሸጠ ቤት ይሠራበታል፤ ቤት ከተሠራ አዲስ መራጭ ይመጣል፤ አዲስ መራጭ ከመጣ የከተማዋን የፓርላማ ወንበር እንደ ልብ ማደል ይቀራል። ስለዚህ ከተማዋ እንዳትሰፋ ተያዘች። እኛ ዛሬ «ጊዜ የማይነካት ውብ ከተማ» ብለን የምናደንቃት፣ የምርጫ ድምፅ ቆጥሮ ጊዜ እንዳይነካት የከለከላት ሰው ስለነበረ ነው። ሄልፕስተን የታጠረችው ለጌቶች ጥቅም፤ ስታምፎርድ ያልታጠረችው ለጌቶች ጥቅም። ሕዝቡ በሁለቱም በኩል አልተጠየቀም።

*

ሕዝቡ ግን ዝም ብሎ አልቀረም። በ1824 ዮርክ ላይ፣ በ1826 ማንቸስተር ላይ የጥንት የእግር መንገዶችን የሚጠብቁ ማኅበሮች ተቋቋሙ። በ1865 የወል መሬት ተከላካይ ማኅበር ለንደን ላይ ተመሠረተ። በ1932 ሚያዝያ 24 ቀን፣ በፋብሪካና በጋራዥ የሚሠሩ ወጣቶች የሞሉበት አራት መቶ ያህል ሰው፣ ለጌቶች የወፍ አደን ተብሎ የተዘጋውን የኪንደር ስካውት ተራራ በግላጭ ወጡት። ከጠባቂዎቹ ጋር ግብግብ ሆነ። አምስት ሰዎች ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ከመሪዎቹ አንዱ ቤኒ ሮትማን የሃያ ዓመት ልጅ ነበር፤ አራት ወር ታሰረ። መራመድ ለሚወድ ሰው አራት ወር እስር! ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1949፣ ፓርላማው የብሔራዊ ፓርኮችንና የገጠር መግቢያን ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ አውራጃ በግዛቱ ያለውን የሕዝብ የእግር መንገድ መዝግቦ ካርታ እንዲያወጣ ታዘዘ። ካርታው ላይ የሰፈረ መንገድ ማንም አይክደውም። ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ 140,000 ማይል ያህል እንዲህ ያለ መንገድ አለ። የስንዴው ስንጥቅ አንዱ ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ያኛው እንቁላል ለመሄድ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ባለመሬቶቹም የሚሉት አላቸው፤ ላድበስብሰው አልፈልግም። ውሻ በግ ይበላል ይላሉ፤ እውነት ነው። በር ሳይዘጉ ያልፋሉ፤ ከብት ይወጣል ይላሉ፤ እውነት ነው። ቆሻሻ ይጥላሉ ይላሉ፤ እሱም እውነት ነው። ግን ከዚህ እውነት ወደ «ስለዚህ መንገዱ ይዘጋ» የሚወስደው እርምጃ ምን ዓይነት እርምጃ ነው? በግ ያስበላ ባለውሻ የሚጠየቅበት ሕግ ከ1953 ጀምሮ አለ። ሌባ አለ ተብሎ ገበያ አይዘጋም፤ ሌባው ነው የሚያዘው። የአንዱ ውሻ ባለቤት ጥፋት የሌላዋ አሮጊት መንገድ መዝጊያ ሲሆን፣ ነገሩ የበግ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። «ምርት ይጨምራል» የሚለውም ክርክር ድሮም ነበር። ጨምሯል እንበል። ለማን? ክሌር እንኳን መሬት፣ የወፍ ጎጆ የሚፈልግበት ቁጥቋጦ አልቀረለትም።

መብቱ የተሟላ ነው የሚልም ካለ ይሳሳታል። በእንግሊዝ አገር ሰው ከመንገድ ወጥቶ እንደ ልቡ እንዲዘዋወርበት በሕግ የተፈቀደው መሬት 8 በመቶ ያህል ነው፤ ያውም በአብዛኛው ከከተማ የራቀ ተራራና ጭንጫ። በስታምፎርድ ዙሪያ ያለው ሰው ያለው መስመር ነው፤ ግራና ቀኙ የሰው ነው። ጎረቤት ስኮትላንድ በ2003 ባወጣችው ሕግ ሰው በኃላፊነት እስከሆነ ድረስ በአብዛኛው መሬትና ውሃ ላይ መዘዋወር ይችላል። ሰማይ አልወደቀም፤ በጉም አላለቀም።

ያችው መስመር እንኳን ደኅና አይደለችም። በ2000 የወጣው ሕግ ለተራማጁ በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ነሣ። የወል መሬትና ተራራ ከፈተ፤ ካርታ ላይ ያልሰፈሩ የጥንት መንገዶች ግን እስከ ጥር 1 ቀን 2026 ካልተመዘገቡ ይቅሩ አለ። ራምብለርስ የተባለው የእግረኞች ማኅበር በ2020 በጎ ፈቃደኞችን አሰባስቦ የድሮውን ካርታ ከአዲሱ ጋር ሲያመሳክር በእንግሊዝና በዌልስ ከ49,000 ማይል በላይ የሚሆን ሳይመዘገብ የቀረ ሊሆን የሚችል መንገድ አገኘ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። በእንግሊዝ ቀነ ገደቡ ወደ 2031 ተገፋ፤ በታኅሣሥ 2024 ደግሞ መንግሥት ጭራሹን እንደሚሰርዘው አስታወቀ። እስከዚያ ግን የሩብ ምዕተ ዓመት ሩጫ ነበር። የዳርትሙርን ነገርም አትርሱ። በዚያ የወል መሬት ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር የሕዝብ መብት ነው ሲባል ኖሮ፣ ባለመሬቶች ከሰው በጥር 2023 መብት አይደለም አሰኙ። ሕዝቡ ተሰልፎ፣ ይግባኝ ተብሎ፣ በግንቦት 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መብት ነው ብሎ ዘጋው። ጉዳዩ በዚህ ዘመን የሚደረግ ጠብ ነው እንጂ የቤተ መዘክር ዕቃ አይደለም።

*

ይህን ሁሉ ያመጣሁት እንግሊዝን ለማሞገስ አይደለም። አንድ የራሳችን ጉዳይ አለበት።

የእህቴ ልጅ ፒተርቦሮ መኖር ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ስታምፎርድ ከእሷ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ለገበያ ትሄዳለች፤ ቡና ትጠጣለች፤ ከወንዙ ወዲያ ግን ተሻግራ አታውቅም። ምነው ብላት «ጋሼ ደግሞ፣ የሰው ማሳ ውስጥ ገብተን ማነሽ ምንድነሽ ብንባልስ?» አለችኝ። ጓደኞቿም እንደዚያው ናቸው። ባርቤኪው በጓሮ፣ ሠርግ በአዳራሽ፣ ጸሎት በቤተ ክርስቲያን። ገጠሩ የእነሱ ነው፤ የነጮቹ።

ፍርሃቷ ከንቱ ነው አልልም። ዞር ብሎ የሚያይ ዓይን አለ፤ ዓይኑም አንዳንዴ ረጅም ነው። ግን አሥራ አንድ ዓመት ግብር ከፍላ፣ የአገሬውን ሽማግሌዎች አጥባና አጉርሳ የኖረች ልጅ፣ እነዚያው ሽማግሌዎች ታስረው ያስከፈቱትን መንገድ «የእነሱ ነው» ስትል ዝም ብዬ አልሰማም። ሕጉ «ሕዝብ» ነው የሚለው። ሕዝብ ማለት በዚያ የሚያልፍ ማንኛውም ሰው ነው። ቢጫው ቀስት ፓስፖርት አይጠይቅም፤ የአያት ስም አይጠይቅም። በርሊ የሚገባ ሰው የሰው ቤት እንግዳ ነው፤ ስንዴው መሃል ያለ ሰው ግን የራሱ መንገድ ላይ ነው። ልጄ ሆይ፣ አንቺ ደግሞ በፈቃድ ለመኖር ብዙ ለምደሻል፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የአሠሪ ፈቃድ። በዚያ አገር ፈቃድ ሳትጠይቂ በሙሉ ሰውነት የምትቆሚበት አንድ ሜትር ስፋት ያለው ነገር ቢኖር ይኸው ነው። እሱንም ትተይዋለሽ?

አሁንም የሚረሳ አንድ ነገር አለ። አንድ መንገድ ካርታ ላይ ሳይሰፍር ቀርቶ ባለቤቱ በሩን ቢቆልፈው ምስክር ይፈለጋል። ምስክሩ ማነው? ተራው ሰው ነው። ቅጽ ይሰጠዋል፤ ከስንት ዓመት ጀምሮ፣ በዓመት ስንት ጊዜ፣ በየት በኩል፣ ለምን ጉዳይ እንደሄደ ይጽፋል። ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ውሻዬን ሳናፍስ፣ እንጆሪ ስለቅም። ዳኝነት ፊት የሚቀርበው ማስረጃ ይህ ነው፤ የአንዲት አሮጊት ሃያ ዓመት ሽርሽር። አሮጊቷ ስትሞት ማስረጃው አብሮ ይቀበራል። የሚተካት ሰው ካልተራመደ ደግሞ ማን ይመሰክራል? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚለው የእኛ ተረት እዚያም ይሠራል።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ከእንግሊዝ ስትመለሱ ስለ ፈረንጅ ጠባይ አትንገሩን። ሰባት ቀን በሰው ማሳ መሃል ስትሄዱ ማንም «ወዴት ነህ?» ያላላችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁ ኑ። እዚያው የምትኖሩ ደግሞ ጫማችሁን እሰሩ። ከድልድዩ ወዲያ ቢጫ ቀስት አለ። ዓርብ ገበያችሁን ጨርሳችሁ በዚያ በኩል ሂዱ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ፣ አማርኛችሁን ጮክ ብላችሁ እያወራችሁ ሂዱ። በሚቀጥለውም ሳምንት ሂዱ። ሃያ ዓመት ሩቅ አይደለም።